«ክሬዲት የለህም» ብለው ወንድሜን ቤት ከለከሉት፤ ከዚህ ማስረጃ ብንልክለት ይረዳዋል?

የማርቆሱ_መምህር (ደብረ ማርቆስ) ፦ ጥቅምት 9

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ ግሪን ካርድ አግኝቶ አሜሪካ ከገባ ሁለት ወር አልፎታል። ያለው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አንድ የአገራችን ልጅ ጋ ሳሎን ውስጥ እያደረ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሥራ ጀምሯል። ልጁ ሚስቱ ልትመጣለት ስለሆነ ወንድሜ ቤት መፈለግ ነበረበት።

ባለፈው ቅዳሜ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ባለ አንድ መኝታ ቤት አግኝቶ ማመልከቻ ሞላ፣ የማመልከቻውንም 50 ዶላር ከፈለ። በሦስተኛው ቀን «ክሬዲት የለህም» ብለው መለሱት። «የማንም ዕዳ የለብኝም እኮ፣ ተበድሬ የቀረሁበት የለም» ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ሴትዮዋም በትሕትና «አውቃለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው» አለችው።

ይህን ለአባታችን ስነግራቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። አነደድ ላይ ጤፍ የሚያርሱ ሰው ናቸው። እኛን ያሳደጉን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያሉ ነው። ዕዳ የሌለበት ሰው በዕዳ ማጣቱ ሲቀጣ ሰምተው አያውቁም።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ወንድሜ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በቡድን ሆኖ ከአብቁተ (ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ተበድሮ በግ ያደልብ ነበር። ብድሩን ሁለት ጊዜ ወስዶ ሁለቱንም ጊዜ በቀኑ ጨርሷል። የጨረሰበት ደብዳቤ ክብ ማኅተም ያለበት አባታችን ሳጥን ውስጥ አለ። ከርስት ካርታው ጋር አብሮ ነው የተቀመጠው። «ይህን አስተርጉማችሁ ላኩለት» ብለውኛል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ደብዳቤው ይጠቅመዋል? ካልጠቀመው ይህ ክሬዲት የሚሉት ነገር ከምን ይጀመራል? ደግሞስ እስከዚያ የት ይደር?


ባሕርዳር_ዘንባባ (ባሕር ዳር) ፦ ጥቅምት 9

መምህር፣ እኔ እዚህ ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ደብዳቤው ልመልስልዎት።

አይጠቅመውም። ደብዳቤው ጥሩ ስላልሆነ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሰው የብድር ታሪክ የሚመዘገበው ሦስት የግል ድርጅቶች ዘንድ ነው፤ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን ይባላሉ። እነሱ መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት በአብዛኛው አበዳሪዎች በየወሩ በኮምፒውተር የሚልኩላቸውን ነው። ሰው በእጁ ወረቀት ይዞ ቢሄድ የሚቀበልበት መስኮት የለም። እኛም ጋ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው፤ አንድ ሰው ለብድር ሲመጣ ሌላ ባንክ ዕዳ እንዳለበት የምናየው ከዚያ ነው። ግን የዚህ መረጃ ውቅያኖስ አይሻገርም።

ለአባትዎ በሚገባቸው መንገድ ልሞክር። ቴሌብር ላይ «መላ» የሚባለውን ብድር ያውቁት ይሆናል። መጀመሪያ ትንሽ ብር ነው የሚፈቅድልዎት። በቀኑ ሲመልሱ መጠኑ ከፍ ይላል። ሲስተሙ ጠባይዎን ያወቀው እርስዎ ስለነገሩት አይደለም፣ ወስደው ሲመልሱ ስላየዎት ነው። ወስዶ የማያውቅን ሰው መጥፎ ነው አይለውም። አላውቀውም ነው የሚለው። ወንድምዎ የገጠመው ይኸው ነው። ክፉ ሰው አላሉትም፤ አናውቅህም ነው ያሉት።

ደብዳቤው ግን ከሳጥኑ አይውጣ። ሲመለስ ይፈልገው ይሆናል።


አባይ_ማዶ (የደጀን ልጅ፣ አሁን ቨርጂኒያ) ፦ ጥቅምት 10

መምህር፣ እኔም እዚያው አካባቢ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። እርስዎ የጻፉትን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ክረምት አስታወሰኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር። እነዚያ ትልልቅ አፓርትመንቶች ማመልከቻ የሚያዩት በኮምፒውተር ነው፤ ለአዲስ ሰው ይከብዳል። ግለሰብ የሚያከራየው ቤዝመንት (የምድር ቤት ክፍል) ይፈልግ። አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ቤዝመንት የሚያከራዩ ሐበሾች ብዙ ናቸው። እስካሁን ያለውን የደመወዝ ወረቀት፣ ከአሠሪው የሥራ ደብዳቤና የባንክ ስቴትመንት ይዞ ይሂድ። ተጨማሪ ዲፖዚት ልስጥ ማለትም ይችላል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ሕጉ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት እንዲቀበሉ አይፈቅድም። የስድስት ወር አምጣ የሚል ካጋጠመው እዚያ አይቆይ።

የከለከሉት ሰዎች ደግሞ ከየትኛው ድርጅት መረጃ እንዳዩ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሊሰጡት ይገባል። በዚያ ማስታወቂያ በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን በነፃ ጠይቆ ማየት ይችላል። ይጠይቅ። ባዶ ከሆነ ባዶ መሆኑን ያያል። ባዶ ካልሆነ ግን ሌላ ጉዳይ አለ ማለት ነው፤ በስሙ የሌላ ሰው ነገር ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ክሬዲቱ። እኔ የጀመርኩት ሴኪዩርድ ካርድ በሚባለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። 200 ዶላር ባንኩ ጋ ታስቀምጣለህ። ባንኩ 200 ዶላር ድረስ የምትጠቀምበት ክሬዲት ካርድ ይሰጥሃል። ያስቀመጥከው ገንዘብ መያዣ ነው፣ አይነካም። በካርዱ የገዛህበትን በየወሩ ከኪስህ ትከፍላለህ። ባንኩም «ይህ ሰው ከፈለ» ብሎ ለሦስቱ ድርጅቶች ይልካል። በቃ፣ ታሪክ የሚባለው ይኸው ነው። ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት በደንብ ከያዝከው ብዙ ጊዜ ባንኩ ራሱ መያዣውን ይመልስና ካርዱን ተራ ክሬዲት ካርድ ያደርገዋል።

ካርዱን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ለሦስቱም ድርጅቶች ትልካላችሁ ወይ? ዓመታዊ ክፍያ አለው ወይ? መያዣው መቼ ይመለሳል? ሰፈሩ ያለ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ብዙ ጊዜ ከትልልቅ ባንክ ይሻላል። እነሱ ጋ ክሬዲት ቢልደር የሚባል ብድርም አለ። ለምሳሌ 500 ዶላር ያበድሩህና በእጅህ አይሰጡህም፤ ሒሳብ ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡታል። በየወሩ እየከፈልክ ስትጨርስ ገንዘቡን ይሰጡሃል። ለእኔ ከዕቁብ ጋር ይመሳሰልብኛል፤ መጨረሻ ላይ ዕጣ እንደሚደርሰው ሰው ማለት ነው። ልዩነቱ ዕቁባችንን ማንም አይመዘግብልንም። አሥር ዓመት ሳታቋርጥ ዕቁብ ብትጥል ኢኩፋክስ አያውቅህም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣልህ የነጥብ ውጤት ፋይኮ ይባላል፤ ከ300 እስከ 850 ነው። እንዲወጣልህ ቢያንስ አንድ ሒሳብ ስድስት ወር መሙላት አለበት። ስለዚህ በሁለት ወሩ ቁጥር አጣሁ ብሎ እንዳይደነግጥ። ዛሬ ከጀመረ ግንቦት ላይ ቁጥር ይኖረዋል።


የማርቆሱ_መምህር ፦ ጥቅምት 10

እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ለወንድሜ በስልክ አነበብኩለት።

አባታችን ጎኔ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አንድ ነገር ጠየቁ። «ዋሱ ማነው?» አሉ። 200 ዶላሩ ራሱ ነው ዋሱ ስላቸው ደስ አላቸው። «ሰው አለማስቸገሩ ጥሩ ነው» አሉ።

ወንድሜ ግን ሥራ ቦታ አንድ ሰው «በየወሩ ጥቂት ዕዳ ካላስተረፍክ ክሬዲት አያድግም፤ ወለድ መክፈል አለብህ» ብሎታል። እውነት ነው?


ጮቄ_ጫፍ (ዴንቨር) ፦ ጥቅምት 11

መምህር፣ ይህ ወሬ ስንቱን ሐበሻ ወለድ እንዳስከፈለ። እውነት አይደለም። በየወሩ የሚመጣውን የካርዱን ሒሳብ ዝርዝር፣ ስቴትመንቱን፣ ሙሉውን በቀኑ ከከፈለ ወለድ የሚባል ነገር አይነካውም፤ ታሪኩም ያድጋል። ዕዳ ማሳደር ለባንኩ እንጂ ለእሱ አይጠቅምም።

ግን እዚህ ላይ እኔን አንድ ዓመት ያደናገረኝን ነገር ልንገርዎት፤ ይህን ማንም አይነግራቸውም።

የመጀመሪያ ካርዴ ጣሪያው 300 ዶላር ነበር። አስቤዛዬን በሙሉ በእሱ ነበር የምገዛው፤ 260፣ 270 ይደርሳል። የመክፈያው ቀን ወር በገባ በ13 ነው። አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። ሙሉውን እከፍላለሁ። ውጤቴ ግን ንቅንቅ አይልም። እየከፈልኩ ለምን ብዬ በጣም ነበር የምበሳጨው።

አንድ ቀን ስቴትመንቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መስመር በመስመር አነበብኩት። ሁለት ቀን አለበት። አንዱ ስቴትመንቱ የሚዘጋበት ቀን ነው፤ የእኔ 18 ነበር። ሌላው የመክፈያው ቀን ነው፤ እሱ ከተዘጋ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን ቆይቶ ነው የሚመጣው። ባንኩ ለድርጅቶቹ የሚልከው ብዙ ጊዜ ስቴትመንቱ በሚዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ነው። ስለዚህ እኔ በ13 ብከፍልም በ18 የሚታየው የአዲሱ ወር 270 ነው። ከ300 ላይ 270! መዝገቡ ላይ ያለሁት እስከ አንገቴ የተበደርኩ ሰው ሆኜ ነው።

ከዚያ ወዲህ በ15 ገብቼ አብዛኛውን እከፍላለሁ። 20 ዶላር ብቻ አስቀርቼ ስቴትመንቱ ይዘጋል። ያቺን 20 ደግሞ በመክፈያው ቀን እከፍላለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ውጤቴ ከፍ አለ። የተቀየረ ገንዘብ የለም። ቀኑን ብቻ ነው የቀየርኩት።

ከጣሪያው 30 በመቶ እንዳያልፍ ይላሉ፤ ከ10 በታች ከሆነ የበለጠ ነው። በፋይኮ አቆጣጠር በቀኑ መክፈል 35 በመቶ ይይዛል፤ ያለብህ ዕዳ መጠን ደግሞ 30 በመቶ። ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ በላይ ናቸው። የቀረውን፣ የቆይታውን፣ የአዲስ ብድሩን፣ የዓይነቱን ነገር ጊዜ ራሱ ያመጣዋል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ራስ ሰር ክፍያ ላይ ያድርገው። የሌሊት ሠራተኛ ቀን ይጠፋበታል።


የዳሞት_ልጅ (ፍኖተ ሰላም) ፦ ጥቅምት 11

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ሰው ሠርቶ በጥሬ ገንዘቡ ቢኖር ምን ነውር አለው? ካርድ ያሉት ነገር ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ሰምተናል። የአጎቴ ልጅ በአራት ካርድ ዕዳ ገብቶ ለቤተሰብ መላክ ካቆመ ዓመት አልፎታል። እናቱ ናፍቆቱ አይበቃት፣ አሁን የእሱን ዕዳ እያሰበች ሌሊት አትተኛም። አባታችን ትክክል ናቸው እላለሁ።


አባይ_ማዶ ፦ ጥቅምት 12

የዳሞት ልጅ፣ የአጎትህ ልጅ ነገር ያሳዝናል። አልተሳሳትክም፤ ካርድ አራት ላይ ሲደርስ አውሬ ነው። ለዚህ ነው አንድ፣ ትንሽ፣ መያዣ ያለው ካርድ የምንለው።

በጥሬ ገንዘብ ለመኖር ግን አሜሪካ አይመችም። አባታችን የሚኖሩበት አገር ሰው ያውቃቸዋል። ማዳበሪያ በዱቤ ቢወስዱ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ አጨዳ ላይ ምን ያህል እንደሚያገኙ ሰፈሩ ይናገርላቸዋል። እዚህ ጎረቤትህ ስምህን አያውቅም። የሚናገርልህ ያ መዝገብ ብቻ ነው።

በቁጥር ልንገርህ። ወንድማችን ለሥራው መኪና ያስፈልገዋል እንበል፤ የ12,000 ዶላር መኪና በአምስት ዓመት ብድር። ታሪክ ለሌለው ሰው 22 በመቶ ወለድ ይሉታል፤ እኔንም ያሉኝ እንዲሁ ነበር። በወር 331 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ጥሩ ታሪክ ኖሮት 6 በመቶ ቢያገኝ 232 ነው። በአምስት ዓመት የሁለቱ ልዩነት ወደ 6,000 ዶላር ይጠጋል። መኪናው ያው መኪና ነው። ይህ ገንዘብ ፍኖተ ሰላም ላይ ምን እንደሚሠራ አንተ ታውቃለህ። ደግሞ በአብዛኛው ክፍለ ግዛት የመኪና ኢንሹራንስም ክሬዲትህን አይቶ ነው ዋጋ የሚነግርህ።

ስለዚህ ወንድማችን ከቻለ መኪናውን ስድስት ወር ያዘግየው። አውቶቡስና ሜትሮ ይታገስ።


ቡሬ_መገንጠያ (ሲያትል) ፦ ጥቅምት 12

እኔ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መምህር፣ እባክዎ ይህችን ለወንድምዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡለት።

ኮሳይን አያድርግ፤ የሰው ብድር ላይ አብሮ አይፈርም። ለማንም።

እኔ አገር ቤት ሳለሁ በአብቁተ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። አንዱ ቢያቅተው አራታችን አዋጥተን እንከፍላለን፤ ከዚያ ሰውየው አዝመራ ሲደርስ ይመልስልናል። ስለምንተዋወቅ አይከብድም ነበር። እዚህም ያው መስሎኝ ለአንድ ጓደኛዬ መኪና ፈረምኩለት። «ፊርማ ብቻ ነው» አለኝ። የመኪና ሻጩም እንዲሁ አለኝ።

ልጁ ሥራ ለቀቀ፣ ሌላ ከተማ ሄደ፣ ስልኩን ቀየረ። ሁለት ወር ሳይከፍል ቀረ። ማንም አልነገረኝም። ያወቅኩት ቤት ልገዛ ባንክ ስሄድ ነው። ውጤቴ ከ748 ወደ 651 ወርዷል። መኪናውን ወስደው በጨረታ ሸጡት፤ ያልሸፈነውን 6,400 ዶላር ከእኔ ጠየቁ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው ነው። የዘገየው ክፍያ ከመዝገብ የሚጠፋው በሰባት ዓመት ነው። እኔ ገና አራት ቀርቶኛል።

ኮሳይን ማድረግ ምስክርነት አይደለም፤ ዕዳው የራስህ ነው። መኪናው ግን የራስህ አይደለም። ጓደኛ ሲቸግረው ያለህን 300 ዶላር በእጁ ስጠው። ፊርማህን አትስጥ። ገንዘቡን ብታጣው 300 ነው የምታጣው።

የጓደኛዬ እናት ከእናቴ ጋር ቡሬ ላይ አብረው ማኅበር ይጠጣሉ። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።


የሞጣዋ (ሚኒያፖሊስ) ፦ ጥቅምት 13

የቡሬው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ።

እኔ ስለ ሴቶቻችን መጻፍ እፈልጋለሁ። የመምህር ወንድም ነገ ሚስት ያመጣ ይሆናል፤ አሁን ማረፊያ የሰጠው ልጅም ሚስቱ ልትመጣ ነው ብለዋል። ስለዚህ ይነገራቸው።

እኔ ባለቤቴ ጋ ስመጣ ሁሉ ነገር በእሱ ስም ነበር። ቤት ኪራዩ፣ መኪናው፣ ካርዱ። እኔ እሠራለሁ፣ ደመወዜ እዚያው ሒሳብ ይገባል። የምንከፍለው ሁለታችን ነን፤ የሚመዘገበው ግን በእሱ ብቻ። ስድስት ዓመት። ባለቤቴ በድንገት ታሞ ሲያርፍ፣ ሐዘኔን ሳልጨርስ የቤት ኪራይ ውሉን በስሜ ላዙር ብዬ ሄድኩ። ልክ እንደ ወንድምዎ «ክሬዲት የለሽም» ተባልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከፍዬ ትናንት እንደ ገባ ሰው ሆንኩ። ያን ቀን ቢሮው በር ላይ ቆሜ ያለቀስኩት ለባሌ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ባልና ሚስት አንድ መዝገብ የላቸውም። የእሱ የእሱ ነው፣ የእሷ የእሷ። ሚስት በመጣች በመጀመሪያው ወር ሶሻሏ (መንግሥት የሚሰጣት ባለ ዘጠኝ አሃዝ መለያ ቁጥር) ሲደርስ የራሷን ትንሽ ካርድ ታውጣ። ባልዋም በቆየው ካርዱ ላይ ተጠቃሚ አድርጎ ስሟን ማስገባት ይችላል፤ ኦቶራይዝድ ዩዘር ይሉታል። ያኔ የዚያ ካርድ ታሪክ በእሷም መዝገብ ላይ ይታያል። የሚመከረው ግን በደንብ በተያዘ ካርድ ላይ ብቻ ነው። የተዝረከረከ ካርድ ከሆነ ጭቃው ለእሷም ይተርፋል።

ይህን ለባሎች ስትነግሯቸው እንዳይከፋቸው። ጥርጣሬ አይደለም። እኔ ባሌን አልጠረጠርኩም ነበር።


ባሕርዳር_ዘንባባ ፦ ጥቅምት 13

የሞጣዋ፣ ነፍስ ይማር። ይህን እዚህ ላሉ ደንበኞቼም እነግራቸዋለሁ፤ እኛም ጋ ሒሳቡ ሁሉ በባል ስም የሆነ ቤት ብዙ ነው።


ደጀን_ጤፍ (ዳላስ) ፦ ጥቅምት 15

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ስም።

የእኛ ስም ለእነሱ አይገባም። ሦስት ስም አለን፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ፓስፖርት ላይ የትኛው የት እንደገባ ሰው ሁሉ አያይም። እኔ ስሜ ውስጥ «ፀ» አለች። ባንኩ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፋት፤ የስልክ ድርጅቱ በሌላ። አንዱ ጋ የመጨረሻ ስሜ የአባቴ ነው፤ ሌላው ጋ የአያቴ። ሁለት ዓመት ከፍዬ ሪፖርቴን ሳይ ግማሹ ታሪኬ የለም! አንዱ ድርጅት ሁለት ሰው አድርጎኝ ነበር።

ለማስተካከል የግሪን ካርዴን፣ የሶሻል ካርዴንና አድራሻዬ ያለበት የመብራት ቢል ኮፒ አድርጌ ላክሁ። አቤቱታ ሲደርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መመለስ አለባቸው፤ ሕጉ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ ያለ ነው። ተስተካከለልኝ። ግን ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት።

ስለዚህ ወንድምህ አንድ አጻጻፍ ይምረጥ፤ ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን። በሄደበት ሁሉ ፊደል በፊደል እሱን ይጻፍ። የልደት ቀንም እንዲሁ። የቀበሌ መታወቂያው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እሱን በልቡ እየተረጎመ ሌላ ቀን እንዳይሞላ።

ሪፖርቱን ከሦስቱም ድርጅቶች በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ለዚህ የተፈቀደ አንድ ድረ ገጽ አለ፣ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ይባላል። የራስህን ማየት ውጤት አይቀንስም። የሚቀንሰው አዲስ ብድር ስታመለክት አበዳሪ ሲያየው ነው፤ እሱም ጥቂት ነው። በሳምንት አምስት ቦታ ማመልከት ግን ጥሩ አይደለም።


የዳሞት_ልጅ ፦ ጥቅምት 16

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። ስለ ጥሬ ገንዘብ የጻፍኩትን እንደገና አስቤበታለሁ። አሁን የምጠይቀው ለአጎቴ ልጅ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው «400 ዶላር ላክ፣ የቆሸሸ ክሬዲትህን ትተህ አዲስ ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር እሰጥሃለሁ» ብሎታል። ሊልክለት ነው።


አባይ_ማዶ ፦ ጥቅምት 16

አሁኑኑ ደውልለት! እንዳይልክ።

ያ ቁጥር ሲፒኤን የሚሉት ነው። ብዙ ጊዜ የሕፃን ልጅ ወይም የሞተ ሰው ሶሻል ነው። በዚያ ቁጥር ብድር ማመልከት የፌደራል ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ደግሞ ከገንዘብ በላይ ነው፤ መኖሪያውንም ሊያሳጣው ይችላል። «ክሬዲት እናስተካክላለን» የሚሉ ድርጅቶችም ሥራውን ሳይጨርሱ ቀድመው ገንዘብ መቀበል በሕግ ተከልክለዋል። ቀድመህ ክፈል የሚል ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ይያዝ።

ለአራቱ ካርድ ዕዳ ግን ለትርፍ ያልተቋቋሙ የብድር አማካሪዎች አሉ። ክሬዲት ዩኒየኑ ሊመራው ይችላል። ከባንኮቹ ጋር ተነጋግረው ወለዱን ያስቀንሱና አንድ ወርኃዊ ክፍያ ያደርጉለታል። ዓመታት ይወስዳል፣ ይወጣዋል ግን።


የዳሞት_ልጅ ፦ ጥቅምት 17

ደወልኩለት። አልላከም። እናቱንም አናገርኳት።


የማርቆሱ_መምህር ፦ ኅዳር 20

ስላለበት ሁኔታ ልንገራችሁ። ወንድሜ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ቤዝመንት አግኝቷል። አከራዮቹ የጎንደር ሰዎች ናቸው። የደመወዝ ወረቀቱንና የአሠሪውን ደብዳቤ አይተው የአንድ ወር ዲፖዚት ብቻ ተቀበሉት። ሪፖርቱንም ጠየቀ፤ ባዶ ነው፣ የሌላ ሰው ነገር የለበትም።

ካርዱንም በዚሁ ወር መጀመሪያ አወጣ፣ ከክሬዲት ዩኒየን፣ በ200 ዶላር መያዣ። የሚጠቀምበት ለስልክ ክፍያው ብቻ ነው፤ 15 ዶላር። ራስ ሰር ላይ አድርጎታል። ስቴትመንቱ የሚዘጋበትን ቀን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎታል።


የማርቆሱ_መምህር ፦ ሰኔ 4

እንደምን ከረማችሁ። ይህን ገጽ አልረሳሁትም።

ትናንት ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። ቁጥሩ ወጣለት፤ 688። ስልኩን ወደ ካሜራው አስጠግቶ አሳየን። ለአንድ አፓርትመንት አመልክቶ ተቀብለውታል፣ ሐምሌ ላይ ይገባል።

አባታችን መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ትክ ብለው አዩት። «ከስንት?» አሉ። ከ850 ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ወረቀት አለው? ማኅተምስ?» አሉኝ። ማኅተም እንደሌለው ነገርኳቸው። ቁጥሩና ቀኑ ያለበትን ብቻ፣ ሶሻሉ የማይታይበትን፣ ወንድሜ ላከልኝና ዛሬ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት። አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ከአብቁተው ደብዳቤ ሥር አስቀመጡት።


የሞጣዋ ፦ ሰኔ 4

እልል! እንኳን ደስ አላችሁ መምህር። አባታችንን ሳሙልኝ።

አንድ ነገር፦ መያዣው ሲመለስለት ደስ ብሎት ካርዱን እንዳይዘጋው። የመጀመሪያ ሒሳቡ ስለሆነ እየቆየ ሲሄድ ይጠቅመዋል።


የማርቆሱ_መምህር ፦ ሰኔ 5

ነገርኩት፤ አይዘጋውም። 200 ዶላሩ ገና አልተመለሰም። ኅዳር ላይ እናየዋለን ብለውታል።